ጋቢ ለብሶ ፖቶማክ ላይ

የአክስቴ ባል ጋሼ ያደጉት ሐይቅ ዳር ነው። ይህን ለማያውቅ ሰው ይነግሩታል፤ ለሚያውቀው ደግሞ ደግመው ይነግሩታል። ከደሴ ወጣ ብሎ ስላለው ስለዚያ ውሃ ማውራት ከጀመሩ፣ በታክሲ ኤርፖርት የሚያደርሷቸው ተሳፋሪዎች እንኳ ሻንጣቸውን ይዘው ቆመው ይሰማሉ። አክስቴ ከወጥ ቤት ሆና አንድ ነገር ብቻ ትጨምራለች።

"ሐይቅ ዳር ማደጉ እውነት ነው። ሐይቅ ውስጥ ግን አላደገም።"

ካያኩ፣ ጠባብና ረጅም የመቅዘፊያ ጀልባ፣ ቤታቸው የገባው በዚህ ወሬ የተነሳ ነው። ፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ በሚኖሩበት አፓርታማ አንድ ጎረቤት ነበራቸው፤ ስለ ሐይቁ ሲሰማ የኖረ ሰው። ወደ ሌላ ስቴት ሲዛወር ባለ ሁለት መቀመጫ ብርቱካንማ ካያኩን ለጋሼ ሰጥቷቸው ሄደ። ሊፍቱ ውስጥ አልገባ ስላለ እኔና ጋሼ በደረጃ ተሸክመን አወጣነው። በየመታጠፊያው ግድግዳውን ሲፍቀው ጋሼ "ቀስ፣ ቀስ፣ ሙሽራ ናት" ይሉኛል። ሙሽራዋ ማረፊያ አጥታ ከሶፋው ጀርባ ተጋደመች። አክስቴ እንግዳ ሲመጣ በነጭ አንሶላ ትሸፍናታለች። ከመስጊድ የመጡ አንዲት እናት ያንን ረጅም የተሸፈነ ነገር አይተው "ኢና ሊላሂ" ብለው ሊነሱ ነበር፤ ጋሼ ሮጠው አንሶላውን ገልጠው ባያሳዩዋቸው ኖሮ ለቅሶ ተቀምጠን ነበር።

እኔ የምኖረው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ቤዝመንት፣ ምድር ቤት ውስጥ። ግጥም እጽፋለሁ፤ ሥራ ላይ ብዙ አልረጋም። ከለወጥኳቸው ሥራዎች አንዱ ጀልባ የሚከራይበት ቦታ ነበር፤ አንድ ሰመር ሙሉ ለሰው የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬት ሳለብስና ሳስወልቅ ከረምኩ። እዚያ የነበረችው አለቃዬ ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምፅዋ እንደ ፊሽካ የሆነ ሴት ናት። የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ ለአየሩ አትልበሱ፣ ለውሃው ልበሱ። ሥራ ላይ ከተማርኩት ሌላውን ሁሉ የረሳሁት ይመስለኝ ነበር፤ ይህ ግን ቀርቷል። በዚህች አንዲት ሰመር የተነሳ ጋሼ የመርከብ አዛዥ አድርገውኛል። ሲፈልጉኝ ኮል ያደርጉና "ገጣሚዋ፣ ውሃው እንዴት ነው?" ይላሉ፤ እኔ ወንዙን በመስኮት የማየው ይመስል።

መኸሩን በካያኩ ዓሣ እያጠመድን በደህና አሳለፍነው። ጋሼ ስለ ዓሣ ሲሟገቱ ደስ ይላል። "ዓሣ እኮ ቢላ የያዘ ሰው አይፈልግም። ከውሃ ሲወጣ ሐላል ነው። ለምን ሴቨን ኮርነርስ ድረስ ሥጋ ፍለጋ እነዳለሁ?" የያዝነውን ዓሣ ሁሉ ደምረን ብንጠብሰው ግን ለአንድ እንግዳ አይበቃም ነበር። ቅጠሉ ሲረግፍ ሰው ሁሉ ጀልባውን አስገባ። እኛም እናስገባለን ብዬ ሳስብ፣ አንድ የታክሲ ጓደኛቸው ለጋሼ ክፉ ነገር ነገራቸው፦ አምባዛ የሚወፍረው በክረምት ነው፤ ጥልቅ ቦታ ተሰብስቦ፣ ሰንፎ፣ መንጠቆ ይጠብቃል። ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼ እንቅልፍ አልነበራቸውም።

ያለፈው ክረምት ኒሞኒያ ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። አክስቴ ያን ጊዜ አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ነው የከረመችው። ሐኪሙ የሰጣቸው መድኃኒት አልቋል፤ አክስቴ ያዘዘችው ግን አያልቅም። ጋቢ ነው። በመኪና ሲሄዱ ጋቢ፣ ቴሌቪዥን ሲያዩ ጋቢ፣ ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወርዱ ጋቢ። የክረምቱን ዓሣ ነገር ስትሰማ ብዙም አልተቃወመችም፤ ባሏን ታውቃቸዋለች። ቁም ሳጥን ከፍታ ትልቁን አወጣች። ይህኛው እንደ ሌሎቹ አይደለም። ድሩንም ማጉንም አያቴ ናት የፈተለችው፤ ደሴ አሸምና ላከችው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ አልላከችም፣ አርፋለች።

"ያለዚህ ከዚህ ቤት ንቅንቅ የለም" አለች።

ጋሼ ላይፍ ጃኬታቸውን ለበሱ፣ ጋቢውን ከላይ ደረቡት፣ ሁለት ጊዜ ተጠመጠሙበት፣ ወገባቸውን በቀበቶ አሰሩት። መስታወት ፊት ቆመው "እንዴት ነኝ?" አሉ። መርከብ የተገኘላቸው ንጉሥ ይመስላሉ። እኔ ግን የማየው ጥጡን ነው።

ጥጥ ደረቅ ሳለ እንደ ጥጥ ያለ ወዳጅ የለም። ውሃ ሲያገኘው ግን ይጠጣል፤ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ገላ ላይ ይለጠፋል፣ ያለህን ሙቀት ይመጠምጣል። የክረምት ፖቶማክ ውስጥ አራት እጥፍ ጋቢ ተጠምጥሞ የወደቀ ሰው እጁን ከጉያው ሊያወጣ አይችልም። ላይፍ ጃኬቱ ወደ ላይ፣ ጋቢው ወደ ታች እየጎተቱ ጋሼን ሊካፈሏቸው ነው። ይህን ማወቄ አንድ ነገር ነው፤ አያቴ በፈተለችው ጋቢ ላይ ክፉ መናገር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በእኛ ቤት እስከዛሬ የደፈረው የለም። እኔ ዙሪያውን ሞከርኩ።

"አክስቴ፣ ይቆሽሻል እኮ።"

"ይታጠባል።"

"ዓሣ ዓሣ ይሸታል።"

"አንቺም ትሸቻለሽ። አውጥተን ጣልንሽ?"

"ውሃ ውስጥ ቢገባ..."

"ማን ውሃ ውስጥ ግባ አለው? ላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው።"

ጋሼ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ። "አብሽሪ። እኔ ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት" አሉኝ።

መናገር ካልተቻለ ማሳየት ይቻላል ብዬ "እሺ፣ መጀመሪያ ባኞ ውስጥ እንሞክረው" አልኩ። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ ጋሼ ግን ሙከራ የሚባል ነገር ይወዳሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ባኞውን በቀዝቃዛ ውሃ ሞላነው፣ ፍሪዘር ውስጥ የነበረውን በረዶ ሁሉ ገለበጥንበት። አክስቴ ፎጣ ይዛ በር ላይ ቆመች፤ ፊቷ ላይ "እናያለን" የሚል ተጽፏል። ጋሼ እንደ ለበሱ፣ ሱሪ፣ ሹራብ፣ ላይፍ ጃኬት፣ ጋቢ፣ አንድ እግራቸውን አስገቡ።

"ቢስሚ..." አሉ። ቀሪው አልወጣም። ትንፋሻቸው ተቆረጠ፤ አፋቸው ተከፈተ፣ ዓይናቸው ተከፈተ፣ ድምፅ የለም። ከዚያ ልክ በር እንደሚያንኳኳ ሰው "ህ፣ ህ፣ ህ" ማለት ጀመሩ።

"ብርድ ነው?" አለች አክስቴ።

"ህ!"

"ይቀመጡ" አልኩ። ተቀመጡ፤ ሐይቅ ዳር ያደጉ ናቸውና ፊት ለፊቴ ሊፈሩ አይችሉም። ጋቢው መጀመሪያ እንደ ነጭ አበባ ውሃው ላይ ተዘረጋ። ቆንጆ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከዳር ከዳር መስመጥ ጀመረና ሙሉ ለሙሉ ጠለቀ። "አሁን እጅዎን ያንሱ፤ ካያክ እንደሚይዝ ሰው።" እጃቸው ጋቢው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ጆንያ ውስጥ ያለች ድመት ነው የሚመስለው። አልወጣም። ሳቅ ጀምሬ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ባኞ ውስጥ ናቸው፣ ውሃው ደረታቸው ድረስ እንኳ አይደርስም፣ ግን እውነት ፈርተዋል።

አክስቴ ፎጣውን ጣለችና ገብታ ጋቢውን ያዘች። ጎተተች። አልመጣም። እግሯን ባኞው ላይ ተክላ እንደገና ጎተተች። ጋቢው የአረፋ በግ ያህል ከብዶ ግማሹ ወጣ፣ ውሃው መሬቱን አጥለቀለቀው፣ ከታች ያለው ጎረቤት ጣራውን በመጥረጊያ መምታት ጀመረ። ሁለታችን ተረዳድተን ጋሼን አወጣናቸው። አክስቴ ጋቢውን ጨምቃ ጨምቃ፣ እጇ ቀልቶ፣ የመጋረጃው ብረት ላይ ሰቀለችው። ብረቱ ጎበጠ። ከዚያ መኝታ ቤት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ይህን አልብሼ ነበር የምልከው" አለች በመጨረሻ። ለእኔ አልነበረም፤ ለእሳቸውም አልነበረም።

ጋሼ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ሊያጽናኗት ሞከሩ። "እናትሽ እኮ ለደሴ ነው የፈተለችው። ፖቶማክን መች አየችው?"

አክስቴ ዓይኗን ጠረገችና ተነሳች። ከተነሳች ደግሞ አክስቴ ናት፤ ነገሩን ሁሉ ከእኔ እጅ ነጠቀችው። "ታዲያ ምን ይልበስ? ተናገሪ።" ሱፍ አልኳት፤ ሱፍ ቢረጥብም ሙቀት አይከዳም። ከላዩ ደግሞ ዋናተኞች የሚለብሱት ወፍራም የጎማ ልብስ፤ ከድሮ ሥራዬ ያረጁ ሁለት አገኛለሁ። ጋቢው መኪና ውስጥ ደረቁን ይጠብቅ። "እኔም መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ" አለች። ጋሼ ሊቃወሙ አፋቸውን ከፈቱ፤ ባኞው ትዝ ሲላቸው ዘጉት።

በማግሥቱ ሴቨን ኮርነርስ ያለ የሰልባጅ ሱቅ ወሰደችን። ሱፍ ስትመርጥ ማየት ነበር። የሹራቡን ምልክት አታነብም፤ ጨርቁን በሁለት ጣት ታሸዋለች፣ ጉንጯ ላይ ታስጠጋዋለች፣ ትጥለዋለች። በመጨረሻ ሁለት ንጹሕ ሱፍ አገኘች፤ ሁለቱም የሴት። አንደኛው ሐምራዊ ነው፣ ደረቱ ላይ የዕንቁ ቁልፍ አለው።

"ይህን አለብስም" አሉ ጋሼ።

"ከላዩ ጎማ አለ። ማን ያያል?"

"ዓሣው!"

"ዓሣው ካየህ ወድቀሃል ማለት ነው። ያን ጊዜ ስለ ቁልፉ አታስብም።"

የጎማ ልብሱን ማልበስ ደግሞ ሌላ ሥራ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት ወንዙ ዳር ፓርኪንግ ላይ እኔ ከፊት፣ አክስቴ ከኋላ ሆነን ጎተትነው። እስከ ጉልበት ደህና መጣ፤ ሆዳቸው ጋ ሲደርስ ቆመ። "ትንፋሽ አስገባ!" ስትላቸው ያስገባሉ፤ ሲያወሩ ይለቁታል፤ ዝም ማለት ስለማይችሉ ልብሱ ሙዝ እንደ ተላጠ ወደ ታች ይመለሳል። ውሻ ይዘው የሚያልፉ ሰዎች ሰላም ብለውን ሄዱ። ዚፑ ሲዘጋ ጋሼ እጃቸው ከጎናቸው ተንሳፍፎ ቀረ። ከላይ ላይፍ ጃኬት፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ፣ ራሳቸው ላይ አክስቴ ከሩቅ እንድታያቸው የመረጠችው ቀይ የሱፍ ኮፍያ። ስልኬን ውሃ የማያስገባ ከረጢት ውስጥ ከትቼ አንገቴ ላይ አሰርኩት። ፔርሙዝ ሙሉ የዝንጅብል ሻይና በበሶ የተሞላ ዕቃ ይዘናል።

ስምምነታችን ቀላል ነበር፦ ከዳር አንርቅም። ውሃው ከደረት የማያልፍበትን መስመር ይዘን ነው የምንሄደው፤ አክስቴ ቀይ ኮፍያውን ማየት ካቃታት ክላክስ ትነፋለች፣ እንመለሳለን። ጥሩ ስምምነት ነበር። አክስቴ ግን ክላክስ ሲሰጧት ጊዜ ሌላም የምትነግረን እንዳላት አስታወሰች። ገና ጥቂት እንደ ቀዘፍን ነፋች። ደንግጠን ዞርን። በመስኮት እጇን አውጥታ የመጠጣት ምልክት ታሳያለች። ሻይ ጠጣን። ትንሽ ቆይታ ነፋች፤ ጓንት። ደግማ ነፋች፤ ጋሼ ኮፍያውን ወደ ጆሮ። ዳር ላይ የነበሩ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ ሩቅ ሄዱ። "አምባዛው እኮ ቋንቋ ባያውቅ ነው እንጂ ሳይሰድበን አይቀርም" አሉ ጋሼ።

ብርዱ ግን አልነካንም። አየሩ ጆሮ ይቆርጣል፣ ከመቅዘፊያው የሚፈናጠቀው ውሃ ካያኩ ላይ በረዶ ይሆናል፤ ሱፉ ውስጥ ግን ሞቆናል። ወንዙ እንደ ብረት ድስት ግራጫ ሆኖ ዝም ብሏል። አንድ መስመር ግጥም መጥቶልኝ በጭንቅላቴ ሳገላብጠው ጋሼ "ያዘ!" አሉ።

ዘንጉ ተቆልምሞ ውሃውን ሊነካ ደርሷል። ትልቅ ነው፤ ካያኩን በአፍንጫው አዙሮ ከመስመራችን ትንሽ ወደ ውስጥ ሳበው። "ተቀምጠው ይሳቡ!" አልኩ። ካያክ ላይ አይቆምም፤ ይህን ጋሼ ያውቃሉ፤ እኔም ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ግን ትልቅ ዓሣ ሲይዝ እግሩ ሳይጠይቀው ይነሳል። ጋሼ ተነሱ።

ሰማዩ ተገለበጠ። ውሃው የያዘኝ ፊቴ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ብርድ አይደለም፤ ትንፋሽ ነው። ሳንባዬ እኔን ሳይጠይቅ መሳብ ጀመረ፣ ሳበ፣ ሳበ፣ አልመልስ አለ። ያች አለቃዬ ያለችን ትዝ አለኝ፤ መጀመሪያ አትዋኙ፣ ጃኬቱ ይያዛችሁ፣ ትንፋሻችሁ እስኪመለስ ጠብቁ። ጠበቅኩ። ቀስ እያለ ተመለሰ። ዞርኩ፤ ቀዩ ኮፍያ ከካያኩ ማዶ ላይ ነው፣ ከሥሩ የጋሼ ፊት፣ "ህ፣ ህ፣ ህ" እያለ። እጃቸው ከውሃው በላይ ነው። ነፃ ነው። ግን ዘንጉን ይዟል።

"ጋሼ! ካያኩን ይያዙ!"

"ህ፣ ይዤዋለሁ፣ ህ..."

"ዘንጉን ሳይሆን ካያኩን!"

"ትልቅ ነው እኮ ወላሂ!"

"ይልቀቁት!"

ክላክሱ ጀመረ፤ አሁን መቆሚያ የለውም። ጋሼ ዘንጉን ተሰናብተው በሁለት እጃቸው ካያኩን አቀፉ። በእግራችን እየመታን ወደ ዳር ገፋነው። ጣቶቼ የኔ መሆናቸውን ማወቅ እያቃተኝ ሳለ እግሬ ጭቃ ነካ። ቆምን። ውሃው ደረታችን ላይ ነው፤ ስምምነቱ ሠርቷል። ክላክሱ በድንገት ዝም አለ፤ አክስቴ ከነጫማዋ እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ቆማለች፣ እጇን ዘርግታ። የጋሼን ላይፍ ጃኬት ትከሻው ላይ ጨብጣ እንደ ሕፃን ጎተተቻቸው። እኔ ከኋላ ተከተልኩ።

መኪናው ውስጥ ማሞቂያው ሙሉ ነው። አክስቴ የጎማ ልብሱን ዚፕ ከፍታ ስትገፈው እንደ ጠዋቱ አልታገላትም። ደረቅ ልብስ አለበሰችን፣ ጋቢውን ለጋሼ፣ ካፖርቷን ለእኔ ደረበችልን፣ ሻይ አፋችን ላይ ያዘችልን፣ ከዚያ ነድታ ወጣች። ጋሼ ከፊት ተቀምጠው ይንቀጠቀጣሉ። ዝም ብለዋል። ጋሼ ዝም ሲሉ ሰምቼ ስለማላውቅ ፈራሁ።

"አክስቴ" አልኩ ከኋላ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ "አስወሪያቸው። አንደበታቸው ከተያዘ፣ ወይም ያልሆነ ነገር ከመለሱ፣ ቤት ሳይሆን ሆስፒታል ነው።"

አክስቴ በመስታወቱ አየችኝ።  ከዚያ ወደሳቸው ዞረች።

"ኒካሕ ያሰርን ቀን እናቴን ያስቀየምካት ምን ብለህ ነው?"

 የመኪናው ማሞቂያ ብቻ ይሰማል።

"እ... እኔ አላስቀየምኳትም" አሉ ጋሼ፣ ቀስ ብለው። "ወጡ ጨው በዛበት ነው ያልኩት። በዝቶበትም ነበር።"

"አእምሮው አለ" አለችኝ አክስቴ። ግን አላቆመችም። "መጀመሪያ የተከራየነው ቤት ባለቤቱ ማን ነበር?"

"ያ... ያ ውድብሪጅ ያለው፣ ማሞቂያ የሚዘጋብን፣ አላህ ይይለት።"

"ከእኔ በፊት ያጩልህ ልጅ ማን ትባላለች?"

ጋሼ ዝም አሉ።

"አንተ! ሆስፒታል ልዞር ነው!"

"ማንም አላጩልኝም! አንቺ ነሽ የመጀመሪያዋ!"

አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿን ለቀቀች። "ደህና ነው" አለች። "ሲዋሽ እንኳ አይንተባተብም።"

ጋሼ በጋቢው ውስጥ ሳቁ፤ ሳቁ ከመንቀጥቀጡ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሳል ወጣ። አክስቴ ሳሉን ስትሰማ ማሞቂያውን ልትጨምር እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ በላይ መሄጃ አልነበረውም። ትንሽ ቆይተው ጋሼ ድንገት ቀና አሉ።

"ካያኳን! ዳር ላይ ትተናት መጣን!"

አክስቴ ፍጥነቷን አልቀነሰችም። "ሲሞቅህ ተመልሰን እንወስዳታለን" አለች። "አሁን መልስልኝ። ያችን ልጅ ያጩልህ አባትህ ናቸው ወይስ አጎትህ?"